የትምህርት ክፍል ጉባኤ የወሰነውን ዲን መሻር ይችላል?

ጥያቄ፦ ጎጃም ውስጥ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ያሳለፈውን የሥርዓተ ትምህርት ማሻሻያ የኮሌጃችን ዲን በሁለት መስመር ደብዳቤ ሻሩት። ሥልጣኑ አላቸው?

መልስ፦ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የዩኒቨርሲቲው የበላይ አካል ቦርዱ ሲሆን፣ እንደ ሥርዓተ ትምህርት ያሉ አካዳሚያዊ ጉዳዮች ግን ፕሬዚዳንቱ በሚሰበስቡት ሴኔት የሚታዩ በመሆናቸው፣ የጉባኤያችሁ ድምፅ በኮሌጁ በኩል ወደ ሴኔት የሚያመራ የውሳኔ ሐሳብ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ይህም ቢሆን ዲኑ ብቻቸውን ሊያስቀሩት ይገባል ብዬ አላምንም፤ የኮሌጁ ጉባኤ መክሮበት ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ሊሰፍር ይገባ ነበር። አስቀድመው ግን የራሳችሁን ቃለ ጉባኤ ግርጌ ይመልከቱ፤ የተሰብሳቢዎች ፊርማ ከጎደለ (ሻይ ሊጠጡ የወጡትን ማለቴ ነው) አቤቱታዎ እዚያው ይሰናከላል። ፊርማው ከተሟላ፣ የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ጠቅሰው ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ ያመልክቱ።