ቮልቴጁ የት እንደቀረ ፈልጉ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ። ስትለኩም ዕቃው ሥራ ላይ እያለ ይሁን።

መኪና አልነሳ ሲል ቶሎ የሚመጣው ፍርድ «ባትሪው ሞቷል» ነው። አዲስ ባትሪ ይገባል። ጥቂት ቀን ቆይቶ መኪናው ያው ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይወርዳል። ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ። መጨረሻ ላይ ችግሩ አንድ የዛገ የማሳ ገመድ፣ ማለትም የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ገመድ፣ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ዛሬም ያመኛል። የሚባክነው ሰው ለፍቶ ያገኘው ገንዘብ ነው።

ከባትሪው እንጀምር። በደንብ የተሞላና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት፤ አለዚያ ቀጥሎ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ ያሳስታችኋል። ግን 12.6 ማየት ብቻውን ባትሪው ጤነኛ ነው አያሰኝም። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ይነበባል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ቻርጁን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ቁጥሩ ቢዋዥቅ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ እየዞረ ነው እንበል። ቴስተሩን፣ መለኪያውን ማለቴ ነው፣ ቮልት ላይ አድርጉት። ቀዩን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አድርጉ። የገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን ራሱ እርሳሱ ላይ። ጥቁሩን ደግሞ ያ ወፍራም ገመድ ሞተሪኖው ላይ የታሰረበት ቡሎን ላይ። ከዚያ ሰው ቁልፍ ያዙርላችሁ። 0.5 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ካያችሁ ገመዱ ደህና ነው። 1.5 ወይም 2 ካያችሁ ያ ቮልት ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንግዲህ ጥቁሩን ጫፍ በየማያያዣው እያሳረፋችሁ ወደ ባትሪው ተመለሱ። በየቦታው ቁልፉ ይዙር። ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ቦታ አለ። ብልሽቱ በዚያና ከዚያ በፊት በለካችሁት ነጥብ መካከል ነው። እስኪ ገምቱ፣ አንድ ዕቃ ሳይፈታ!

በማሳ በኩልም እንዲሁ ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ለኩ። ከ0.3 ካለፈ ጠርጥሩ። ይህን ወገን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን እሱን ሳላይ አላልፍም።

«ለምን በኦም አንለካውም?» ትሉኝ ይሆናል። ኦም፣ ማለትም ሽቦው ከረንቱን ምን ያህል እንደሚያግድ፣ ስትለኩ ቴስተሩ የሚልከው ከረንት እጅግ ትንሽ ነው። ሽቦው ተበልቶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ ዜሮ አካባቢ ያሳያችኋል። ሞተሪኖ ግን 150 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ከረንት 0.01 ኦም ብቻ 1.5 ቮልት ይበላል። ተራ ቴስተር ደግሞ 0.01 ኦምን በትክክል አይለይም።

የማሳ ችግር ጠባዩ ግራ ያጋባል። ፍሬቻ ስታበሩ የኋላ መብራቱ አብሮ ከተርገበገበ አምፖሉን አትውቀሱ። ከረንቱ የሚመለስበት መንገድ ስላጣ በሌላ አምፖል በኩል እየዞረ ነው። የዚያን መብራት ማሳ ፈትታችሁ አጽዱና እሰሩት።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ላይ ብዙ የብልሽት ኮድ በአንዴ ሲመጣም አትረበሹ። ኮዱ የሚነግራችሁ የትኛው መስመር እንደታወከ ነው፤ የትኛው ዕቃ ይቀየር አይልም። ብዙ ሴንሰሮች አንድ የ5 ቮልት መስመር ይጋራሉ። አንዱ ሾርት ሲያደርግ ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። 5 ቮልቱን እየለካችሁ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቮልቱ የተመለሰው የቱ ሲነቀል ነው? መፈተሽ ያለበት እሱና የራሱ ገመድ ነው።

ሽቦ በመርፌ አትውጉ፤ በቀዳዳው ውሃ ይገባና ውስጡ ይዝጋል። የኤርባግ ገመድ ላይ የሙከራ አምፖል በፍጹም አታድርጉ። በተቃጠለ የ10 አምፔር ፊውዝ ቦታ 20 አትክተቱ። ፊውዙ ቢተርፍ ሽቦው ይነዳል።

ሌሊት ቆሞ ባትሪ የሚጨርስ መኪና ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁሉም ነገር ከጠፋ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆን አለበት። ይሁንና ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሩን ክፍት ትታችሁ፣ የተዘጋ እንዲመስለው መቆለፊያውን ብቻ በእጅ ዝጉት፣ ስማርት ቁልፉን አርቁት፣ ከዚያ ጠብቁ። ፊውዝ አትንቀሉ፤ ነቅላችሁ ስትመልሱ የተኛው ሁሉ ይነቃል። ይልቅ በእያንዳንዱ ፊውዝ ሁለት ጫፍ መካከል ሚሊ ቮልት ለኩ። ከረንት የማያልፍበት ዜሮ ያሳያል። ንባብ ያለው ፊውዝ የሚመግበውን ስትከታተሉ ደግሞ መጀመሪያ በኋላ የተገጠመ ዕቃ ካለ እሱን ፈትሹ፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የተቀየረ ቴፕ።