ተጠንቅቀን እየተጠቀምን የውኃ ሒሳቡ ለምን አይቀንስም?

ጥያቄ፦ በቤታችን አምስት ሰዎች እንኖራለን። ጥርስ ስንቦርሽ ቧንቧ እንዘጋለን፤ ዕቃም የምናጥበው ውኃ በሳፋ ቀድተን ነው። ይሁን እንጂ ወርኃዊው የውኃ ሒሳብ ዝቅ ሊል አልቻለም። ውኃ ቆጣቢ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብንገዛ ይበጀናል?

መልስ፦ የማሽኑን ግዢ ለጊዜው ያቆዩት። ሁላችሁም እየተጠነቀቃችሁ ሒሳቡ ካልቀነሰ፣ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ማንም ሳይከፍተው የሚፈስ ውኃ ነው። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ ይመዝግቡና ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይነካ መልሰው ያንብቡት። በሌሊት የሚሞላ ታንከር ሳይኖር ቁጥሩ ከተለወጠ፣ አንድ ቦታ ውኃ እየፈሰሰ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ገንዳ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጎማ መክደኛ ሲያረጅ ውኃው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ቀንና ሌሊት ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ገንዳው ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው፣ ውኃ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ቀለም ከያዘ መክደኛውን ማስቀየር ያስፈልጋል፤ ወጪውም ከማሽን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ውኃው በትርፍ ማስወጫው ቱቦ አፍ በኩል የሚፈስ ከሆነ ግን መክደኛው ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ተንሳፋፊውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ውኃ ለመቆጠብ በሚል ገንዳው ውስጥ ጡብ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ጡቡ እየተፈረፈረ መክደኛውን ስለሚያበላሽ እኛ አንመክረውም።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም መናቅ የለበትም። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ማለት በቀን 86,400 ጠብታ፣ ማለትም ወደ 20 ሊትር ገደማ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ሙቅ ውኃ ነው፤ ምክንያቱም የሚከፈልበት ሁለት ጊዜ፣ አንድም ለውኃው አንድም ለማሞቂያው ነው። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያፈስ ሻወር አምስት ደቂቃ መቀነስ 40 ሊትር ያተርፋል፤ ይህን ያህል ውኃ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ደግሞ ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በአምስት ሰው ሲባዛ ቀላል አይደለም።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ያላችሁ በደኅና የሚሠራ ከሆነ ልብሱ ሲጠራቀም ብቻ፣ እጅግ ያልቆሸሸውንም በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡበት፤ አዲስ የምትገዙት እሱ ሲያረጅ ይሁን።