ለሳውቲ ዛ ቡሳራ የሙዚቃ ፌስቲቫል ዛንዚባር ለምትሄጂው እህት

እህቴ፣ «ፌስቲቫሉን ለማየት ኑንግዊ ልረፍ ወይስ ስቶን ታውን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስቶን ታውን፣ ፌስቲቫሉ ያለበት አሮጌው ከተማ! ኑንግዊ በደሴቷ ሰሜን ጫፍ ያለ የባሕር ዳርቻ፣ ለመዋኘት ነው፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ትሄጂበታለሽ።

1. ከአሮጌው ምሽግ በእግር የሚደረስ ቦታ ያዢ። ባለታክሲዎቹ «ንጎሜ ኮንግዌ» ነው የሚሉት። ዋናዎቹ መድረኮች እዚያ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ዘፈኑም እኩለ ሌሊትን ያልፋል። እኔን አዲስ አበባ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል «ደሴቷ ትንሽ ናት፣ የትም ብታርፍ ያው ነው» ብሎ ኑንግዊ ላከኝ። ያው አይደለም! ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ነው። በዚያ ሌሊት ዳላዳላ፣ ማለትም የነሱ ሚኒባስ፣ አይታሰብም። ታክሲው ደግሞ ዶላር ይጠራል። ደውዬ ስነግረው «ፓኬጅ አይመለስም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የከፈልኩበትን ክፍል ጥዬ ከምሽጉ ጀርባ፣ ቅያስ ውስጥ፣ ትንሽ ማረፊያ አገኘሁ። ዋጋውንም አስወረድኩ፤ መርካቶ ያደገ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይከፍልም።

2. ስለ ሰዓት አታስቢ። ስዋሂሊ እንደኛ ነው የሚቆጥረው። ማታ «ሳ ሞጃ» ካሉሽ የኛው 1 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ላይ ግን በፈረንጆቹ 19:00 ተብሎ ታገኚዋለሽ። ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ አስረጂው እኔ ነበርኩ፣ ደስ ሲል!

3. ምሽጉን በቀንም ግቢበት። የኦማን አረቦች ፖርቹጋሎችን አባርረው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የፖርቹጋሎቹ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ቦታ ላይ የሠሩት ነው። በኋላ እስር ቤት ሆኗል፣ የባቡር መጠገኛም ሆኗል። ግንቡ የኮራል ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብለሽ ስታዪው እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው። እኔ ስገባ ልጆቹ የድምፅ ማጉያ ገመድ በሥዕል ሻጮቹ መሀል እየዘረጉ ነበር፤ ሻጮቹም ሸራቸውን እንዳይረግጡባቸው ይጮኻሉ። ከማታው ዝግጅት ያላነሰ ትርኢት ነው። ትከሻና ጉልበትሽን ሸፈን አድርጊ፤ ሰፈሩ የሙስሊም ሰፈር ነው።

4. የቢጫ ወባ ካርድ ያዢ፤ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ይጠይቃሉ። የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስም ሳትነሺ በኦንላይን ክፈዪ፤ እኔ የከፈልኩት 44 ዶላር ነው። ያ ወኪል ይህንንም አልነገረኝም። አሁን ደግሞ ለፌስቲቫሉ «ልዩ ፓኬጅ» እያለ ያስተዋውቃል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ኢንቦክስ ነይ።