«ዛፍ ለመቁጠር ነው የተማርሽው?» ላሉሽ አጎትሽ መልስ አለኝ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነሽ። ለበዓል ቤት ስትገቢ አጎትሽ «ዛፍ ለመቁጠር ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? መጀመሪያ ሰው ይብላ፤ ዛፉ ይደርሳል» አሉሽ። አንቺም መልስ አጥተሽ በማታው ክፍለ ጊዜ አካውንቲንግ ጀምረሽ ይህን ሙያ ብትተዪው ይሻል እንደሆነ ጠየቅሽኝ።

አጎትሽን አትቀየሚያቸው። ሰው ይብላ ማለታቸው ልክ ነው። የሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው፤ ጅማ ላይ እንጀራው የሚገኘው ከዛፉ ሥር ነውና።

ቡና ካላቸው 74110 የሚባለው ዝርያ ጓሯቸው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ቁጥሩን እንደ ስም ለምደነው ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ሲቢዲ የሚሉት የፈንገስ በሽታ በአገራችን ቡና ላይ ታየ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ያረግፈዋል፤ ገበሬው ለለቀማ ሲወጣ ቅርንጫፉ ባዶ ይጠብቀዋል። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ጫካ ገብተው ነው። በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች እየለዩ ዘራቸውን ወሰዱ፣ መልኮ በሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል ፈተኗቸው። 74110 የተገኘው ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባለው ስፍራ ከተመረጠች እናት ዛፍ ነው፤ ቁጥሩ ላይ ያለው 74 የተመረጠችበትን 1974ን ያመለክታል። ያቺ ዛፍ የቆመችበት ስፍራ ከዚያ በፊት ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ለቀማው ከየት ይመጣ ነበር? የዓረቢካ ቡና መገኛ ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ነገ ለሚመጣ በሽታ የሚሆን ዘር ያለው እዚህ ስለሆነ፣ ደኑ ሲሳሳ የሚጎዳው የእኛ ገበሬ ብቻ አይደለም፤ የብራዚሉም ነው።

ዘላቂ ልማት የሚለውን ቃል በየመማሪያው ታገኚዋለሽ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 በኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን የዛሬው ትውልድ የሚያስፈልገውን ሲያገኝ የመጪውን አቅም ሳያሳጣ የሚካሄድ ልማት ብሎ ተረጎመው። እኔ ትርጉሙ በእውነት የገባኝ ግን ወንዝ ዳር ቆሜ ነው።

ኅዳር ላይ ነበር፤ ከጅማ ወጣ ብሎ ከአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በታች። መፈልፈያው ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል። ውሃው ጠቁሮ አረፋ ደፍቋል፤ ሽታው የበሰበሰ ፍራፍሬ ሽታ ነው። አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ወረደች። በእፍኟ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ደፋችው። ጀሪካኑን ትከሻዋ ላይ መልሳ ከጣቢያው በላይ ወዳለው ምንጭ ዳገቱን ተያያዘችው። ከቡናው የወጣው ስኳር ወንዙ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን እየተመገቡት ይረባሉ፤ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ያን ቀን ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። የልጅቷ አባት እሸት ቡናውን የሸጠው ምናልባት ለዚያው ጣቢያ ነው። ደብተር የተገዛላት በዚያ ገንዘብ ይሆናል፤ ከትምህርት የምታረፍደውም በዚያው ጣቢያ ምክንያት ነው። ጣቢያው ይዘጋ ማለት ቀላል ነው፤ አባትየው ግን ገበያውን ያጣል። መፍትሔው አለ፦ ገለባውን ለይቶ ኮምፖስት ማድረግ፣ ውሃውን ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም፣ ከዚያም በጉድጓድ አሳርፎ በቬቲቨር ሳር መካከል አሳልፎ ማጣራት። የጎደለው ለክቶ፣ ወጪውን አስልቶ ባለቤቱን የሚያሳምን ባለሙያ ነው። አንቺን የምፈልግሽ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ስለ ቅጥር እውነቱን ልንገርሽ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሙያ የሚቀጥሩት ጥቂት ነው፤ ዲግሪውን ብቻ ይዘሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ብትቆሚ ብዙ ትቆያለሽ። ሥራው እየመጣ ያለው ከቡናው ገበያ በኩል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ያወጣው ደንብ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። የሚጀመርበት ቀን ቢራዘምም ላኪዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የየገበሬውን ማሳ መገኛ ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ስለዚህ የካርታ ሥራ ተማሪ። የውሃ ምርመራ ተማሪ። ለአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መነሻ የሆነውን አዋጅ ቁጥር 299/1995ን አንብቢው። አፋን ኦሮሞሽ ከተማ ውስጥ ሰላምታ ከመለዋወጥ ካላለፈ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ገበሬው ማሳውን የሚያሳየው በቋንቋው ላናገረው ሰው ነው።

አካውንቲንጉን ተማሪው፤ ይህን ሙያ ትተሽ ግን አይሁን። የማጣሪያ ጉድጓድ ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ ከገለባው የሚገኘው ኮምፖስት ስንት ከረጢት ማዳበሪያ እንደሚያስቀር ቁጥር አስቀምጣ የምታሳይ ባለሙያን ባለሀብቱ ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል።

ለጊዜው ሁለት ነገር አድርጊልኝ። አጎትሽን ጓሯቸው ያለው ቡና ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠይቂያቸውና የቢሻሪን ነገር አጫውቻቸው። ጥቅምት ላይ ጣቢያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ ከመምህርሽ የውሃን አሲድነት የሚያሳየውን የፒኤች መለኪያ ተውሰሽ አንዱ ጋ ሂጂ፤ ከጣቢያው በላይና በታች ያለውን ውሃ ለኪና ሁለቱንም ቁጥር ጻፊልኝ።