«ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ልጄ ለምን አይጫወትም?»

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ኳስ በቴስታ ለመምታት ሲዘል ከሌላ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ተጋጨ። ራሱን አልሳተም፤ መኪና ውስጥ ግን «ስንት ለስንት አለቀ?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ቤት ስንደርስም አስመለሰው። ድንገተኛ ክፍል ወስደነው ሲቲ ስካን ተነሣና «ምንም የለም» ተባልን። አሰልጣኙ ግን ከሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ ካላመጣ አላጫውተውም ይላል። አባቱ «እኛ ስንት ጊዜ ወድቀን ተነሥተናል» ይላል፤ አያቱም ከአዲስ አበባ እየደወሉ «እንዳታስተኚው» ይሉኛል። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከሲያትል

መልስ፦ አሰልጣኙን ይስሙ። የገለጹልን ምልክቶች ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉትን ጉዳት ያመለክታሉ፤ ይኸውም አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተናውጦ ለጊዜው አሠራሩ ሲዛባ ነው። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን እንጂ ይህን መዛባት ስለማያሳይ፣ «ምንም የለም» የተባለው ደም አልፈሰሰም ለማለት እንጂ ልጁ ድኗል ለማለት አይደለም። ራሱን አለመሳቱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ኮንከሽን የሚደርስባቸው አብዛኞቹ ልጆች ራሳቸውን አይስቱም።

የጽሑፍ ፈቃዱ የአሰልጣኙ ግትርነት ሳይሆን የምትኖሩበት የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዛክሪ ላይስቴት የተባለ፣ እንደ ልጅዎ የ13 ዓመት የነበረ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ራሱን ከተመታ በኋላ ጥቂት አርፎ በዚያው ጨዋታ ተመልሶ ገባ፤ ጨዋታው እንዳበቃ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም በመፍሰሱ የራስ ቅሉ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ፤ አንድ ቃል ለመናገር እንኳ ወራት ፈጀበት። በ2009 በስሙ የተጠራው ሕግ ወጣ፤ በኋላም ሌሎቹ ግዛቶች ሁሉ ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ለባለቤትዎ ይህን ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ያልዳነ አንጎል ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ ምት አልፎ አልፎ አንጎልን በድንገት አሳብጦ ሊገድል ይችላል።

አያቱ የሚሉት የቆየ ልማድ ነው። ሐኪም ከመረመረው በኋላ ልጁ መተኛቱ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ያስፈልገዋል። ሆኖም ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ሳይዘገዩ 911 ይደውሉ።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ስልክና ቴሌቪዥን ይቀነሱለት፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት ግን አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ በእግሩ ቢንሸራሸር ይጠቅመዋል። ከሜዳው በፊት የሚቀድመው ትምህርቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ራሱን የማያመው ሲሆን፣ ከቀላል ሩጫ ጀምሮ እስከ ሙሉ ጨዋታ ደረጃ በደረጃ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ ለ24 ሰዓት እያቆዩ ይመልሱታል። በልጆች ይህ ሁሉ እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ጨዋታ እንዳያመልጣቸው ሕመማቸውን የሚደብቁ ልጆች ብዙ ናቸውና፣ አሰልጣኙና ጓደኞቹ በሌሉበት ለብቻው ይጠይቁት።

ከድንገተኛ ክፍል የተሰጣችሁ ወረቀት ለፈቃድ አይበቃም። ቀጠሮ ሲይዙ ጉዳዩ ኮንከሽን መሆኑን ይናገሩ፤ ሕጉ የሚቀበለው በዚህ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ የፈረመውን ነውና።