ሳሶ ገራም ነው ብለውኝ ነበር

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ስለ ዶሮና ስለ ውሻ ናቸው። ሦስቱም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ ጠባይ ከዝርያ ነው ወይ? የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፣ ቻሉኝ።

ጥያቄ

ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው አያት አካባቢ ነው። ግቢያችን ጠባብ ናት፣ ግን ለቤት የሚሆን እንቁላል አላጣም ብዬ የ45 ቀን ሳሶ ቄቦች ገዛሁ። ሻጩ «ሳሶ ገራም ነው፣ ከልጅ ጋር ይጫወታል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። እናቴ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሁለት ሀበሻ ዶሮ ላከችልኝ። አሁን ሁሉም እንቁላል ጀምረዋል። ችግሬ አንዷ ሳሶ ናት። ሌሎቹን መከራ ነው የምታበላቸው። የሁለቱ ጀርባ ተመልጧል። የአራት ዓመት ልጄንም እግሩን ትነቁረዋለች። ከሀበሾቹ ደግሞ አንዷ ሰው ስታይ በርራ ትጠፋለች፤ ሌላዋ ግን ጭኔ ላይ ወጥታ ነው የምትቀመጠው። የሸጡልኝ ሳሶ አይደለም ማለት ነው? ወይስ ዝርያ ልቀይር?
ብ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ብ.፣ በዝርያው አልተሸወድሽም። የተሸወድሽው «ከልጅ ጋር ይጫወታል» በሚለው ነው።

የሳሶ መነሻ ፈረንሳይ ነው። እኛ ጋ የተስፋፋው ለእንቁላልም ለሥጋም ስለሚሆንና የግቢ ኑሮ ስለሚችል ነው። ከባድ ስለሆነ አጥር አይዘልም፣ ሲይዙትም ብዙ አይፍጨረጨርም። ሰው ይሄን ያይና ገራም ይለዋል። አብዛኞቹ እውነትም ረጋ ያሉ ናቸው። ያንቺዋ ግን ከአብዛኞቹ አንዷ መሆን ግዴታ የለባትም።

ዝርያ የሚነግርሽ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ነጭ ሌግሆርን እንቁላል ላይ ጎበዝ ነው፣ መታቀፍ ላይ ግን የለበትም፤ ደንባራም ነው። ከግብፅ የመጣው ፋዩሚ ቀላልና በራሪ ነው፣ አጥርሽ አጭር ከሆነ ጎረቤት ሄዶ ያድራል። ሀበሻ ዶሮ ትታቀፋለች፣ ጭልፊት ታውቃለች፣ ቀለቧን ጭራ ታገኛለች። ፈረንጆቹን ሰው ለሚፈልገው ነገር እየመረጠ ነው ያራባቸው። ሀበሻዋን ደግሞ ኑሮው ራሱ መርጧታል፤ ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል ጥንታዊ ስፍራ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ድረስ ይገመታል፣ ይህን ያህል ዘመን ከጭልፊትና ከፈንግል ጋር ታግላ ነው የቆየችው። ደግሞ «ሀበሻ» የምንለው አንድ ዝርያ አይደለም። የሆሮው፣ የጃርሶው፣ የጥሊሊው ዶሮ ሁሉም ሀበሻ ይባላል፣ ባለሙያዎቹ ግን ለያይተው ነው የሚያጠኗቸው።

አንዲት ዶሮ ክፉ ትሁን ደግ ግን ማንም ሻጭ ከዝርያዋ ተነስቶ ሊነግርሽ አይችልም። በሬ የሚገዛ ገበሬን እይው። የቦረና ነው የፎገራ ነው የሚለውን ከሰማ በኋላ እንኳ «ይዋጋል? ይለግማል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ስለዚያው በገመድ ስለተያዘው በሬ ነው። ዶሮ ላይ ስንደርስ ይሄን ጥያቄ እንረሳዋለን፣ ምናልባት ርካሽ ስለሆነች ይሆናል (አሁንስ ርካሽ የት አለ!)።

ማስረጃ ካልሽ፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሙር የሚባል ተመራማሪ የሠራው አለ፣ የታተመው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ምንቃራቸው ያልተቆረጠ ሌግሆርኖችን በርከት እያደረገ ኬጅ ውስጥ አኖራቸው። መጀመሪያ አካባቢ በዓመት ከመቶው 68ቱ ይሞቱ ነበር፣ እርስ በርስ መነቋቆሩ ሲጨርሳቸው። ለማራባት ሲመርጥ ግን አንዷን ብዙ የምትጥል ዶሮ ነጥሎ አላወጣም። አብረው በሰላም የቆዩና ጥሩ የጣሉትን እህትማማቾች በሙሉ ነው የመረጠው። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የሚሞተው ከመቶ ወደ 9 ገደማ ወረደ። ያኔም ሌግሆርን ነበሩ፣ አሁንም ሌግሆርን ናቸው። ጠባይ ይወረሳል፣ አዎ። ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ የዚህኛው ቤተሰብና የዚያኛው ቤተሰብ ልዩነት እንዲህ ሰፊ ከሆነ የዝርያውን ስም ይዘሽ ብዙ ርቀት አትሄጂም።

አሁን ወደ ያንቺዋ። አንድ ቀን መኖ ስትሰጫቸው ቁጭ በይና የት እንደምትነቁራቸው እይ። ጭንቅላትና ማጅራት ላይ ከሆነ፣ ፈጠን ያለ አንድ ምት ከሆነ፣ የተመታችውም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ዞር ካለች፣ ይሄ አለቃነት ነው። ቶርሌፍ ሺልደሩፕ ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ማን ማንን እንደሚነቁር ሲመዘግብ ኖሮ በ1921 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ላይ ሠርቷል። የመንጋ ሥርዓት ነው፣ ከጠባይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። አለቃዋን አርደሽ ብትበያት ሌላዋ ቦታውን ትይዛለች። አዲስ ዶሮ በገባ ቁጥርም ሥርዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የእናትሽ ሁለቱ ሲመጡ ግቢው እንዲህ የታመሰው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጀርባቸው ተመለጠ ማለትሽ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። ላባ የምትነቅል ዶሮ አትቆጣም፣ አታባርርም። ከኋላ ቀስ ብላ ትጠጋለች፣ ከጅራት ሥር ወይ ከጀርባ ላይ አንድ ላባ ትይዛለች፣ ትነቅላለች፣ አንዳንዴም ትውጠዋለች። ተነቃይዋ ዝም ብላ ቆማ ልታገኛት ትችያለሽ። ይሄ ክፋት አይደለም። ዶሮ ቀኑን ሙሉ መሬት መጫርና መልቀም ነው ሥራዋ። መሬቱ ሲሚንቶ ከሆነ፣ ቦታው ከጠበበ፣ የምትጭረው ከጠፋ ምንቃሯ ሥራ ፍለጋ ጎረቤቷ ላባ ላይ ያርፋል። መኖውም ይገባበታል። በቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የምትበላ እንቁላል ጣይ ፕሮቲን ያንሳታል። የጣይ መኖ ስጫት፣ ካልተመቸሽ የኑግ ፋጉሎ ቀላቅይበት። ጭድ አንጥፊና ጥራጥሬ ውስጡ በትኚበት፣ ፈልገው ይልቀሙት። ጥቅል ጎመን በገመድ ከፍ አድርገሽ ስቀይላቸው፣ ግማሽ ቀን ያጫውታቸዋል። አመድ ከአፈር ጋር ቀላቅለሽ የሚንከባለሉበት ቦታ አዘጋጂ። የመኖ ዕቃውን ሁለት አድርጊው፣ አራርቀሽ አስቀምጪ። ደም ያለበት ዶሮ ካለ ለብቻ አውጪው፣ ቀይ ነገር ሲያዩ ሁሉም ናቸው የሚረባረቡበት።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልተወች ለጥቂት ቀናት ከመንጋው አርቀሽ ለብቻዋ አስቀምጫት። ስትመለስ እንግዳዋ እሷ ትሆናለች፣ ወንበሩም ተይዞ ይጠብቃታል።

የልጅሽን ነገር ብዙ አትጨነቂበት። ዶሮ ትንሽና ጎልቶ የሚታይ ነገር ካየች መንቆሯ አይቀርም። የእግር ጥፍር፣ የጫማ ክር፣ ጠባሳ፣ ሁሉም ጥሬ ይመስላታል። ካልሲና ጫማ አድርጊለት፣ ምግብ ይዞ መሃላቸው አይግባ፣ ፊቱንም ወደ ምንቃሯ አያስጠጋ። ክንፉን ጥሎ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መጥቶ በእግሩ የሚመታ አውራ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።

ሀበሾቹን እንያቸው ደግሞ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። አንድ አገር፣ ምናልባትም አንድ ግቢ፣ አንዷ በርራ ትጠፋለች አንዷ ጭን ላይ። እናትሽን ጠይቂያት፣ ያቺን የጭን ዶሮ ጫጩት እያለች ማን ነበር ያሳደጋት? በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት የሰው እጅ የለመደች ጫጩት ስታድግ ሰው ብዙም አትፈራም። ሌላዋ እናቷ ሥር አድጋ ከሆነ ደግሞ እናቷ ከሰው ስትሸሽ እያየች ነው የተማረችው። ሳሶዎችሽ እናት አያውቁም። ማሽን ነው የፈለፈላቸው፣ መኖ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው ያሳደጋቸው። «ፈረንጅ ዶሮ ገራም ነው» የሚባለው ግማሹ ይሄ ይመስለኛል፣ አስተዳደጉን ለዝርያው እየሰጠነው ነው።

ስለዚህ ዝርያ አትቀይሪ። ሌላ ጊዜ ስትገዢ ግን ዶሮዋን ራሷን እያት። ከቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ በይና ማን ቀድሞ እንደሚጠጋሽ ጠብቂ። ሌላም ዘዴ አለ፣ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። በጀርባዋ አስተኝተሽ ለአፍታ ቀስ ብለሽ ያዝ አድርገሽ ልቀቂያት። ድርቅ ብላ ትቀራለች። ቶሎ ብድግ የምትለው ብዙ የማትፈራው ናት፣ እንደደረቀች ረጅም ጊዜ የምትቆየዋ ፈሪዋ። ሻጩ ይሄን ስታደርጊ ካየሽ በኋላ ምን እንደሚልሽ አላውቅም።

ጥያቄ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐዋሳ ቤቴ ጓሮ ዶሮ አረባለሁ። ቦቫንስ ብዬ ከገዛኋቸው አንዷ ታቅፋ አልነሳ አለች። ፈረንጅ ዶሮ አይታቀፍም ሲባል ነው የማውቀው። አጭበረበሩኝ? ደግሞስ ጫጩት ላስፈልፍላት?
መ.፣ ከሐዋሳ

መልስ

ጋሽ መ.፣ አላጭበረበሩዎትም። ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላል ታቆማለች፣ ስለዚህ አርቢዎቹ መታቀፍ የሚወዱትን እያስቀሩ ነው ቦቫንስን የመሰሉ ጣዮችን ያወጡት። ነገሩ ቀነሰ እንጂ ከደማቸው ጨርሶ አልወጣም። ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ከፍ ሲል አንዳንዷ ትታቀፋለች። የጎጆው ጨለም ማለት፣ ሙቀቱ፣ እንቁላሉ ሳይነሳ መከማቸቱ ሁሉ ያግዛታል።

ጫጩት ማስፈልፈሉ ላይ አልመክርዎትም። አውራ ዶሮ ከሌለዎት እንቁላሉ ዱዳ ነው። አውራ ቢኖርዎትም ቦቫንስ የተዳቀለ ስለሆነ ጫጩቶቹ እናታቸውን አይሆኑም። ደግሞ እንዲህ ያሉት 21ዱን ቀን ሳይጨርሱ ጥለው የሚነሱበት ጊዜ አለ። ጫጩት ካማረዎት ከሰፈር ታቅፋ የምታውቅ ሀበሻ ዶሮ ይፈልጉ።

ይቺን ለማስተው ውኃ ውስጥ መንከርም ቁልቁል ማንጠልጠልም አያስፈልግም፣ ያሠቃያታል እንጂ ምን ይጠቅማል? ከሥር ወለሉ ሽቦ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ያስገቧት። ብርሃን ያግኝ፣ ሆዷን ንፋስ ይንካት፣ ውኃና መኖ አይለያት። ጭድ እንዳያነጥፉላት። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ትተዋለች፣ ወደ እንቁላል ለመመለስ ግን ትንሽ ይታገሷት።

ጥያቄ

ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ፈልጌ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አይቻለሁ፣ ዋጋው አይቀመስም። ጎረቤቴ ደግሞ የሀበሻ ውሻ ቡችላ በነፃ ውሰድ ይለኛል። ገንዘቤን ባወጣ ይሻላል?
ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ቢያንስ ሁለቱንም እናቶች እስክታይ።

በ2022 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች ስለ ውሾቻቸው ጠባይ ተጠይቀዋል፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ውሾች ደግሞ ዘረመላቸው ተመርምሯል። አንዱ ውሻ ከሌላው በጠባይ ከሚለይበት ውስጥ ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትዕዛዝ መቀበል ላይ ዝርያ ትንሽ ሻል ያለ ነገር ይነግራል። ቶሎ መቆጣት ላይ፣ ማለትም አንተ በጣም የምትፈልገው ነገር ላይ፣ ምንም አይነግርም ማለት ይቻላል። ጀርመን ሼፐርድ በር ላይ ቆሞ ማስፈራቱ አይካድም፣ ሌባም ጥናት አያነብም። ግን ለእንግዳ ጅራቱን የሚቆላ ሼፐርድ ሞልቷል፣ ኮሽታ ሲሰማ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ የሀበሻ ውሻም እንደዚያው።

የትኛውንም ብትወስድ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው ትልቁ። በዚያ ጊዜ ሰው፣ ልጅ፣ መኪና፣ ሌላ እንስሳ ያላየ ቡችላ ሲያድግ ሁሉን የሚፈራ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ የቤቱን ሰው ጭምር ይነክሳል። ቀኑን ሙሉ አስረህ ማታ ብትለቀው ጠባቂ ይሆናል የሚለውን እርሳው። የእብድ ውሻ ክትባቱን እንዳትዘል።

እናቲቱን ስታይ ወደ ቡችሎቹ ቀስ ብለህ ጠጋ በል። ብትጮህና ባለቤቷ ሲናገራት ብትረጋ ጥሩ ነው። ጥግ ይዛ ከተንቀጠቀጠች ወይም ባለቤቷንም ከጮኸችበት ተወው። እናቱን ማየት አይቻልም ካሉህ ደግሞ ዋጋ ሳትጠይቅ ውጣ።