የምወደው ሥራ ዋስትና የለውም

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ በሚገኝ ስፌት ቤት አራት ዓመት የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ሠርቻለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ደንበኞችም በስሜ ይጠይቁኛል። ነገር ግን የጽሑፍ ውል የለኝም፤ ጡረታም አይቆረጥልኝም። ቤተሰቦቼ ትቼው የቢሮ ሥራ እንድፈልግ ይገፋፉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለመተው አትቸኩይ! በስሙ የሚፈለግ ባለሙያ መሆን በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። የጎደለሽ ወረቀት ነው፤ እርሱን የመጠየቅ መብት ደግሞ አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ባይሰጥሽም በሕግ ያለሽ መብት አይቀርም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጡረታው ነው። መዋጮው ከደመወዝሽ 7 በመቶ፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ ነው። በ60 ዓመትሽ ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሳይመዘገብ የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት ከአንቺ ይጎድላል።

የበዓል ገበያ ጋብ ሲል አሠሪሽን ለብቻቸው አነጋግሪያቸው፤ ደመወዝሽም በባንክ እንዲገባ ጠይቂ፣ ማስረጃ ይሆንሻል። እምቢ ካሉ ወደ ክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ።